በረካውን የሚጠጣ ጠፋ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን አብሬ አቅርቤያለሁ። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ አንዷ ከደሴ፣ አንዱ ከወልድያ፣ አንዷ ከኮምቦልቻ ናቸው። እኔ ግን አንዱን አንብቤ ሌላውን ስጀምር ወሬው የቀጠለ መሰለኝ። መልሴ የሐኪም ትእዛዝ አይደለም። ደሴ ውስጥ 31 ዓመት በነርስነት፣ አብዛኛውንም በአእምሮ ሕክምና በኩል ያገለገለች ሴት ያየችውና የምታምንበት ነው።

ጥያቄ

እትዬ፣ እንደምን ከረሙ። እናቴ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አባቴ ሲሞት ወረባቦ ብቻዋን ከምትቀር ብዬ ባለፈው መስከረም ደሴ አመጣኋት። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ውሃ ይመጣል፣ ቴሌቪዥን አለ፣ ልጆቼ ይወዷታል። እሷ ግን ከቀን ወደ ቀን እየከሳች ነው። ሌሊት አትተኛም። ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጣ ቁልቁል ታያለች። አንዴ ጉልበቴን፣ አንዴ ራሴን ትላለች። ሁለት ክሊኒክ ወሰድኳት፤ «ምንም የለባትም» ብለው ቫይታሚን ሰጡን።

አንድ ነገር ልንገርዎት። በመጣች በሳምንቷ ቡና ቆላች። እኔ ሥራ ነበርኩ፣ የነገረችኝ ትልቋ ልጄ ናት። ጭሱ ደረጃውን ሞላው፤ ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤት መጥታ አንኳኳች። እናቴ ለቡና የመጣች መስሏት በርጩማ ይዛ ወጣች። ሴትዮዋ «እማማ፣ ጭሱን ይቀንሱልን፣ ልጄ አስም አለበት» ብላ ተመለሰች። ክፉ ሰው ሆና አይደለም። እናቴ ግን በትልቁ ጀበና ያፈላችውን ማጠቢያው ላይ ደፋችው። «በረካውን የሚጠጣ በሌለበት አገር ምን አደርጋለሁ?» አለቻት ለልጄ። ከዚያ ወዲህ ጀበናውን አልነካችውም። አገሬ መልሺኝ ትለኛለች። ብመልሳት ማን ያያታል? ባስቀምጣት እያለቀችብኝ ነው። — ከደሴ

መልስ

ልጄ፣ በርጩማዋ ጋ ስደርስ ደብዳቤሽን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ።

መጀመሪያ የሕክምናውን ነገር እንጨርስ። የሚከሳና እንቅልፍ ያጣ ትልቅ ሰው «ምንም የለበትም» ተብሎ ቫይታሚን ተይዞለት አይሸኝም። ስኳራቸው፣ ግፊታቸው፣ ደም ማነሳቸው፣ የእንቅርት ዕጢያቸው ይታይ። እሱ ሁሉ ደህና ከሆነ ድባቴ ይሆናል። የእኛ እናቶች «ከፋኝ» አይሉም፤ አፋቸውን የሚፈቱት በጉልበታቸውና በራሳቸው ነው። ሐዘኑ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣቱና እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ያለማቋረጥ ከዘለቀ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ውሰጃቸው። መድኃኒት ከታዘዘ አትፍሪው፤ ለውጡ የሚታየው ግን ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብለሽ እንዳታስቆሚው። «ምነው በሞትኩት» ማለት ከጀመሩ፣ ወይም እህል ውሃ እምቢ ካሉ፣ ለነገ አታሳድሪ፤ በዚያው ቀን ይታዩ።

ይህን ካልኩ በኋላ ወደ በርጩማዋ ልመለስ።

እናትሽ ወረባቦ ሳሉ ማን ነበሩ? አልነገርሽኝም፣ ግን መገመት አያቅተኝም። ሴት ምጥ ሲይዛት የሚጠሩ፣ ወዳጃ (የጋራ ዱአ) ሲደረግ ቡናውን የሚይዙ፣ የተጣሉ ጎረቤቶች መሃል «ተዉ» ሲሉ የሚሰሙ ሰው ነበሩ። የቅሬ ሰው ነበሩ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ በገጠሩ ግን ቅሬ መቃብር ማስቆፈር ብቻ አይደለም። ጠብ የሚበርደው፣ ለደካማ ጅጌ (ደቦ) የሚጠራው፣ ያጠፋ የሚቀጣው በቅሬ ነው። ከቅሬ የተወገደ ሰው እሳት እንኳ የሚሰጠው አያገኝም ነበር። እናትሽ ከዚያ ሁሉ ወጥተው አራተኛ ፎቅ ላይ «የነእገሌ አያት» ሆኑ። ያጡት ባላቸውን ብቻ አይደለም፤ «ዛሬ ለምን ቀሩ?» ብሎ የሚጠይቃቸውን ሰው ሁሉ ነው።

የራሴን ልንገርሽ። ባለቤቴ የሞተው በ2001 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የምንኖረው ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነበር። ቅሬያችን የክርስቲያንም የሙስሊምም ነበር፤ ቤተክርስቲያን ድረስ ሄደው መቃብሩን የቆፈሩት የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆች ናቸው። ለቅሶው ላይ ንፍሮና እንጀራ በሽሮ ስለሚቀርብ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። ሰዉ ሲበተን እኔ በሬን ዘጋሁ። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ብቻ ሆንኩ። በዚያ መሃል ሰፈሩ ውስጥ ሁለት ለቅሶ ሆኖ አልሄድኩም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የቅሬያችን ሂሳብ ያዥ፣ ሽማግሌ ሙስሊም ሴት፣ ያን ጠርዙ የተበላ ደብተር ብብታቸው ውስጥ ይዘው መጡ። «ሁለት ለቅሶ ቀርተሻል። በአምስት ብር ሂሳብ አስር ብር» አሉኝ። ደሜ ፈላ። ባሌን ቀብሬ ወር ከምናምን ሳይሆነኝ ቅጣት! አስር ብሩን አውጥቼ ሰጠኋቸው። እሳቸው ግን አልተነሱም። ደብተሩን ገልጠው ከስሜ ትይዩ በእርሳስ ያሰመሩትን ሁለት «ቀ» በጣታቸው ጫን አድርገው አሳዩኝ፤ «ይቺንና ይቺን ስጽፍ እጄ እንቢ ብሎኝ ነበር፣ ሦስተኛ አታስጽፊኝ» አሉ። ከዚያ ውሃ ጠየቁኝ፣ ጠጡ፣ ሄዱ። በሚቀጥለው ለቅሶ ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩ። በዚያ ወር ስሜን ጽፎ መቅረቴን የመዘገበ ሌላ ወረቀት በዓለም ላይ አልነበረም። ቅሬ የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ለጆሮዬ «ማን ቀረ?» የሚል ጥያቄ ሆኖ ነው የሚሰማኝ።

ይህ የአንዲት አሮጊት ትዝታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ 148 ጥናቶችንና ከ300,000 በላይ ሰዎችን በአንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ ከሰው ጋር የጠበቀ ትስስር ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ50 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃ ገልጿል። እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሮዜቶን ታሪክ ነው የማልረሳው። ሮዜቶ አሜሪካ ውስጥ፣ ፔንሲልቬንያ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከኢጣሊያ አንድ መንደር ተነቅለው የሄዱ ሰዎች የቆረቆሯት። ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲያጠኗት ሰዎቿ ያጨሳሉ፣ በሞራ የተጠበሰ ይበላሉ፣ ሥራቸውም አድካሚ ነው፤ በልብ ሕመም የሚሞቱት ግን ከጎረቤት ከተሞች በጣም ያንሱ ነበር። ያገኙት ልዩነት አኗኗራቸው ነው፤ ሦስት ትውልድ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ደጅ ለደጅ መጠያየቅ፣ ማኅበር በማኅበር። በኋላ ወጣቶቹ ሰፋፊ ቤት እየሠሩ፣ አጥር እያጠሩ ተለያዩ። የልብ ሕመሙም አድጎ ከጎረቤቶቻቸው እኩል ሆነ።

ፎቅ አልጠላም፣ ልጄ። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሃል የተጨናነቀች ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከዙሪያዋ ጋር 151,174 ሰው ነበራት፤ ዛሬ ደግሞ ሰዉ ከየአቅጣጫው እየገባ ነው። ወደ ላይ ካልሆነ ወዴት ትሰፋለች? የሚያሳዝነኝ ቤቱን ስንሠራ ደጁን መርሳታችን ነው። አራተኛ ፎቅ በር አለው፣ ደጅ የለውም። ደጅ ማለት ሰው ሳይጠራ የሚያልፍበት፣ «ኧረ ግቡ» የሚባልበት፣ ሽሮ የሚሰጣበት ቦታ ነው። እናትሽ በረንዳ ላይ ሆነው ሰውን ያያሉ፤ እሳቸውን ግን የሚያያቸው የለም። ያ ከብቸኝነትም ይከፋል።

ስለዚህ ደጅ ፈልጊላቸው። ጉልበታቸው አራት ፎቅ መውጣት መውረዱን የማይችል ከሆነ ምድር ቤት ካለ ሰው ጋር ቤት በኪራይ መለዋወጥ ይቻላል፤ ያደረጉ አውቃለሁ፤ ወጣት ቤተሰብ ፎቁን ይወዳል። እሱ እስኪሆን በቀን አንዴ፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ፣ ከልጆችሽ አንዷ ይዛቸው ትውረድ፤ ያቺኑ በርጩማ ይዘው ይውረዱ። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለዕርድ ተብሎ ኮሙናል የሚባል የጋራ ቤት አብሮ ይሠራል። በየቦታው ተቆልፎ ወይም መጋዘን ሆኖ አይቻለሁ። የእናንተም እንደዚያ ከሆነ ለኮሚቴው «አርብ ከሰዓት ለቡና ክፈቱልን» በሉ። ቡናው እዚያ ይቆላ፣ ጭሱም ማንንም አያውክ።

የፊት ለፊቷን ጎረቤትሽን ዛሬ ማታ ሂጂባት። ይቅርታ እንድትጠይቅሽ አይደለም። «እናቴ ያን ቀን ለቡና የመጣሽ መስሏት ነበር» በያት፤ ሌላ አትጨምሪ። እኔ እንደማውቀው የወሎ ሴት ይህን ሰምታ አትተኛም።

አሁን የምቆጣሽን ልቆጣሽ። እናትሽን እንግዳ አድርገሻቸዋል። «ተቀመጪ፣ አትድከሚ» እያልሽ እጃቸውን አስረሻል። ስድሳ ስምንት ዓመት የሠራ እጅ በአንድ መስከረም ሥራ ሲፈታ ባለቤቱ «አበቃልኝ» ይላል። ምስሩን እሳቸው ይልቀሙ፣ እንዝርትና ጥጥ ይገዛላቸው፣ ሰኞ ገበያ አብረሽ ውሰጃቸውና በርበሬውን እሳቸው ይከራከሩበት። ቢወደድም ግዴለም።

ደግሞ ቅሬ አስገቢያቸው። በአንቺ ስም አይሁን፣ በራሳቸው ስም ይሁን። መዋጮውን በእጃቸው ስጫቸውና እሳቸው ይክፈሉ፤ ለቅሶ ሲኖር ንፍሮ ቀቅለው እሳቸው ይሂዱ፤ ቢቀሩ እሳቸው ይቀጡ። የወረባቦውንም መዋጮ አታቋርጪ፤ ስማቸው ከዚያ ደብተር እንዳይሰረዝ። በመውሊድ ወስደሽ ሁለት ሦስት ሳምንት አቆያቸው። አገራቸው እንዳለ ካወቁ ደሴ እስር ቤት አትሆንባቸውም። ይህን ሁሉ ሞክረሽ፣ ሕክምናውንም አድርገሽ አሁንም «መልሺኝ» ካሉ መልሻቸው። ቅርብ የሚኖር ዘመድ መድኃኒታቸውን እንዲከታተል ተነጋገሪ እንጂ፣ ወረባቦ ላይ ማን ያያቸዋል አትበይ። እዚያ የሚያያቸው ከዚህ ይበዛል።

ጥያቄ

እትዬ፣ በየጊዜው ጎረቤት ጎረቤት ይላሉ። እኔን ጎረቤት ገደለኝ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ታሞ መጣ። ብቻውን ያወራል፣ ያሳድዱኛል ይላል። መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ተሻሽሏል። ሰፈሩ ግን አልተወንም። «ዛር ነው» ይላሉ፣ «ስለት በልተው ነው» ይላሉ፣ ልጁ ሲያልፍ ልጆቻቸውን ወደ ቤት ይጠራሉ። ባለቤቴ ቡና መጠጣት ተወች። ለእህቱ ሽማግሌ ልከው የነበሩ ሰዎች ቀሩ። ቤቱን ሸጬ አዲስ አበባ፣ ማንም የማያውቀን ቦታ ልገባ ነው። ተሳስቻለሁ? — ከወልድያ

መልስ

ወንድሜ፣ አልተሳሳቱም፤ የደረሰብዎት ግፍ ነው። ያ የሚጠይቅ ዓይን ሲፈርድ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ እሱን የማላውቅ እንዳይመስልዎ። ባለሙያ ሆኜ፣ አንድ ቡና ላይ ስለ አንዲት የሰፈር ልጅ እንደርስዎ ልጅ ስለታመመች ሲወራ ተቀምጬ ሰማሁ። «ይህ በሽታ ነው፣ ይታከማል» ማለት እችል ነበር። ቶናው እስኪያልቅ ዝም አልኩ። እናቷ ከዚያ ቡና በኋላ አልመጣችም። ያን ዝምታዬን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ለእርስዎም የምጽፈው እሱን ይዤ ነው።

የልጅዎ ሕመም በዛርም በስለትም የመጣ አይደለም። የአንጎል ሕመም ነው፣ ሕክምና አለው፣ እየተሻለውም ነው። አሁን ከሁሉ የሚያስፈራኝ መድኃኒቱ መቋረጡ ነው፤ ቤት በሚለቀቅበት ግርግር ብዙ ጊዜ የሚቋረጠው እሱ ነው። ከተማ መለወጥ ብቻውን አያድንም። እንዲያውም በዴንማርክ የተደረጉ ትልልቅ ጥናቶች ትልቅ ከተማ ተወልደው ባደጉ ሰዎች ላይ ይህ ዓይነቱ ሕመም ከገጠር ልጆች በዝቶ እንደሚታይ አሳይተዋል። ከተማው ነው ያሳመማቸው ማለቴ አይደለም፤ ማንም የማያውቀን ቦታ ሰላም ነው የሚለው ሐሳብ የሚመስለውን ያህል እንዳልሆነ ልነግርዎ ነው። ማንም የማያውቀው ልጅ ሌሊት ወጥቶ ቢጠፋ «የእገሌ ልጅ በዚህ አለፈ» የሚል አይኖርም።

ከመሸጥዎ በፊት አንድ ወር ይስጡኝ። ሰፈሩን በሙሉ ለማሳመን አይድከሙ። ሁለት ሰው ይምረጡ፤ የቅሬውን ዳኛና ሰው ሁሉ የሚሰማቸውን አንዲት ሴት። ቤትዎ ጠርተው እውነቱን ይንገሯቸው፤ ልጁም በሚታከምበት ቦታ ከባለሙያዎቹ አንዱ ቢያስረዳቸው ይበልጥ ጥሩ ነው። የሚያወራ ሰፈር የሚያወራው ስላላወቀ ነው፤ በወሎ ደግሞ የሚከበር ሰው አንዴ «ተዉ» ካለ ብዙ አፍ ይዘጋል። ቄስ ወይም ሼህ ካለዎት እሳቸውም ይግቡበት፤ ጠበሉም ዱአውም ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ መሄድ ይችላል፤ መድኃኒቱን አቁም የሚል ካለ ግን አይስሙት። ባለቤትዎ ወደዚያው ቡና እንዲመለሱ አያስገድዷቸው። አንዲት የሚያምኗት ሴት ብቻ እቤት እየመጣች ብትጠጣ ለጊዜው ይበቃል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልቀና ይሂዱ፤ እኔም አልወቅስዎትም። ግን ቤት ከመከራየትዎ በፊት ልጁ የሚታከምበትን ሆስፒታል ያግኙ፤ የወልድያውን የሕክምና ወረቀት ቅጂና ቢያንስ የአንድ ወር መድኃኒት ይያዙ።

ጥያቄ

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ከደላንታ ነው የመጣሁት። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተናል፣ ፈረቃችን ስለማይገጥም ሳምንት ሙሉ የማንገናኝበት ጊዜ አለ። ባለፈው ወር ታምሜ ሁለት ቀን ስተኛ ማንም አላወቀም። ቅሬ ልግባ ብል «ለባለ ቤት ነው፣ ተከራይ ነገ ይሄዳል» አሉኝ። እኔ ከየትኛው አገር ነኝ? — ከኮምቦልቻ

መልስ

የኔ ልጅ፣ ሁለት ቀን ብቻሽን መተኛትሽ አንጀቴን በላው።

«ተከራይ ነገ ይሄዳል» የሚለው ያረጀ ደንብ ነው። ኮምቦልቻ በተከራይ የምትሠራ ከተማ ሆናለች፤ ተከራይዋን የማይቀብር ቅሬ ምን ሊያደርግላት ነው? ግን ከአንዱ ሰው ጋር አትጣዪ። ዳኛውን ራሳቸውን በስብሰባ ቀን አግኚያቸውና ሦስት ነገር ይዘሽ ቅረቢ፦ ዋስ የሚሆንሽ አንድ ነባር አባል (አከራይሽ ቢሆኑ ጥሩ)፣ የሦስት ወር ቅድሚያ መዋጮና የደላንታ ቤተሰብሽን ስልክ። ለብቻሽ ከምትጠይቂ አራታችሁም አብራችሁ ጠይቁ። ለአራት ሰው እምቢ ማለት ይከብዳል።

እስከዚያው እርስ በርሳችሁ ቅሬ ሁኑ። ከበሩ ጀርባ አንድ ወረቀት ለጥፉና የአራታችሁን ፈረቃና የቤተሰቦቻችሁን ስልክ ጻፉበት። የገባች ስትገባ፣ የወጣች ስትወጣ ምልክት ታድርግበት፤ ሌሊት የገባችውም የተኛችውን ቀስቅሳ «ደህና ነሽ?» ትበል፤ እንቅልፍ ቢሰበርም ይሰበር። በሳምንት አንድ ቀን፣ የሁላችሁም እረፍት የሚገጥምበትን ሰዓት ፈልጋችሁ፣ አንድ ጀበና አፍሉ። ቀኑ ባይገጥም እንኳ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ጠጡ።

ዳኛው ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፤ እምቢ ካሉሽም ምክንያታቸውን ቃል በቃል ጻፊልኝ፤ በሚቀጥለው ዕትም እመልስላቸዋለሁ።